ማን ዝም አለ? በቤተሰብ ገበና ላይ የሚቆም ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ እንዴት ይጻፋል

ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ልብወለድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያስበው ገዳዩን ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የጀመርኩት። የመጀመሪያ ረቂቄ 140 ገጽ ላይ ደርሶ ቆመብኝ። ማን እንደገደለ አውቃለሁ፣ እንዴት እንደገደለም አውቃለሁ፣ እናትየዋ ግን ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም እንዳለች አላውቅም። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ "ሴትዮዋ አንዴ ለፖሊስ ብትናገር ኖሮ እኮ መጽሐፉ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልቅ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። ረቂቁን ትቼ ከዜሮ ጀመርኩ።

ይህ መመሪያም ከዚያው ጥያቄ ነው የሚነሳው። ወንጀሉን አንድ ሰው ይፈጽመዋል፤ ገበናውን ግን ቤተሰቡ ተጋግዞ ነው የሚሸከመው። "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ስንት ዓመት ያስቀመጠ ሰው ምክንያት አለው። ያንን ምክንያት ካገኛችሁት ሴራው ከእሱ ይወጣል።

እየሠራን እንድንሄድ አንድ ታሪክ ልያዝ። የ30 ዓመት ሴት አባቷ ሞቶ የእሱን ክፍል ልታጸዳ ወደ ቤተሰቧ ቤት ትመጣለች። ከ22 ዓመት በፊት፣ እሷ የ8 ዓመት ልጅ ሳለች፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም በአንድ ዝናባማ ሌሊት ከቤት ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። አስከሬኑ አልተገኘም። መዝገቡም ተዘግቷል። እናቷ፣ ታላቅ ወንድሟና የአባቷ እህት ዛሬም አሉ። ልጅቱ ለተበጠሰ የሸሚዝ ቁልፍ ክር ፍለጋ የእናቷን የስፌት ሣጥን ስትከፍት፣ ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የወንድ የእጅ ሰዓት ታገኛለች። የአጎቷ ሰዓት ነው።

1. የሆነውን ነገር መጀመሪያ ለራሳችሁ ጻፉት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አንባቢ ፈጽሞ የማያየው ሁለት ሦስት ገጽ አዘጋጁና ያን ሌሊት ሰዓት በሰዓት አስፍሩት። ማን የት ነበር፣ በሩን ማን ዘጋው፣ ማን ምን ለብሶ ነበር፣ መብራቱ በርቶ ነበር ወይ። አታሳምሩት። እንደ ፖሊስ ሪፖርት ደረቅ ይሁን።

የእኛ ታሪክ እንዲህ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አጎትየው ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ለ15 ዓመቱ የወንድሙ ልጅ በድብቅ ይሰጠዋል፤ "ለማንም እንዳትናገር" ይለዋል። 3 ሰዓት ላይ ይወጣል። ልጁ ነገሩ ግራ ስለገባው ይከተለዋል፣ ግን ዝናብ ላይ ይጠፋበትና በስብሶ ይመለሳል። አጎትየው የሄደው እህቱን ሊያገኝ ነበር። የቤቱን ሰነድ የእሱን ፊርማ አስመስላ ፈርማ እንዳዛወረችው ደርሶበታል። ድልድዩ ላይ ይጣላሉ። ትገፈትረዋለች። ወንዙ ሞልቷል። 5 ሰዓት ላይ ተመልሳ ጫማዋን ታጥባለች።

ጠዋት እናት ከልጇ ትራስ ሥር የአጎትየውን ሰዓት ታገኛለች። የልጇ ልብስም እርጥብ ነው። በዚህች ደቂቃ ነው ልቦለዱ የሚወለደው። ድልድዩ ላይ የሆነው ነገር ምክንያት ብቻ ነው።

2. የዝምታ መዝገብ ያዙ

አንድ ትልቅ ወረቀት ውሰዱ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አምስት ነገር ጻፉ፦ በትክክል የሚያውቀው ምንድን ነው? አውቃለሁ ብሎ የሚያምነው ግን የተሳሳተው ምንድን ነው? ለፖሊስ ምን ቃል ሰጠ? ዝም ያለው ማንን ለማዳን ነው? ቢናገር ምን ያጣል?

ከአምስቱ ውስጥ ሁለተኛው ነው ወርቁ። ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ምሥጢር ጠባቂዎቹ ሁሉ እውነቱን እንደሚያውቁ አድርጎ ነው። እንደዚያ ሲሆን ቤተሰቡ የሴረኞች ማኅበር ይመስላል፤ አንባቢም አንዱን ሰው ጨምቆ እውነቱን ማውጣት ብቻ ነው የሚጠብቀው። እያንዳንዱ ሰው የያዘው ቁራጭ ከሆነ ግን፣ ያውም በስህተት የተነበበ ቁራጭ ከሆነ፣ ሁሉም ቢናገሩ እንኳ ነገሩ ወዲያው አይፈታም።

የእናትን ረድፍ እንሙላው። የምታውቀው፦ ሰዓቱ ከልጇ ትራስ ሥር ነበር። የምታምነው፦ ልጇ አጎቱ ላይ አንድ ነገር አድርጓል። የሰጠችው ቃል፦ "ሲወጣ ሰዓቱን አድርጎ ነበር።" የምታድነው፦ ልጇን። የምታጣው፦ ልጇን።

አሁን የልጁ። የሚያውቀው፦ አጎቱ ሰዓቱን በፈቃዱ ሰጥቶታል። ያየው፦ እናቱ ያንን ሰዓት ከትራሱ ሥር ወስዳ በጨርቅ ጠቅልላ ስትደብቀው፣ በኋላም ፖሊሱን ዓይኑን እያየች ስትዋሸው። የሚያምነው፦ እናቴ አንድ ነገር አድርጋለች። የሚያድነው፦ እናቱን።

ያያችሁት ይመስለኛል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት የተሳሳተ ንባብ፣ 22 ዓመት። እናት ልጇን፣ ልጅ እናቱን እየጠበቀ፣ አንዳቸው ሌላውን አንዴ እንኳ ሳይጠይቁ ኖረዋል። አክስትየዋ ደግሞ ምንም ማድረግ አላስፈለጋትም። የሁለቱን ፍቅር ተከልላ ነው የኖረችው። ለእኔ የዚህ ዘውግ ትልቁ ኃይል እዚህ ጋ ነው፤ ክፋት ብቻውን አንድ ቤተሰብን ይህን ያህል ጊዜ አፉን ሊያስይዘው አይችልም፣ መዋደድ ግን ይችላል። መዝገባችሁን ስትሞሉ "ፈርቶ ነው" የሚል መልስ ብቻ ካገኛችሁ ትንሽ ቆፍሩ። ስለ ማን ነው የፈራው?

3. ወንጀሉ ሳይፈታ የቀረበትን እውነተኛ ምክንያት አዘጋጁ

"መርማሪዎቹ ሰነፎች ነበሩ" አይበቃም። አንባቢ ዛሬ ስለ ምርመራ ብዙ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘመኑን ወስኑ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሌክ ጄፍሪስ የዲኤንኤ አሻራን፣ ማለትም ሰውን በደሙ ወይም በምራቁ የመለየት ዘዴን፣ በእንግሊዝ አገር ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ያገኘው በ1984 ነው። በ1960ዎቹ በተፈጸመ ወንጀል ላይ መርማሪያችሁ ፀጉር ወደ ዲኤንኤ ላቦራቶሪ ከላከ ተበላሸ። በዚያ ዘዴ ታግዞ በግድያ የተፈረደበት የመጀመሪያው ሰው ኮሊን ፒችፎርክ ነው፣ በ1988። የእሱን ጉዳይ ለዚህ ዘውግ ጸሐፊ ሁሉ አነሳለሁ። የዲኤንኤ ምርመራው መጀመሪያ ያደረገው አንድ ያልሠራውን ወንጀል ያመነ የ17 ዓመት ወጣትን ነፃ ማውጣት ነበር። ከዚያ ፖሊስ ወደ 5,000 ከሚጠጉ የአካባቢው ወንዶች ናሙና ሰበሰበ፤ ማንም አልገጠመም። ፒችፎርክ የሥራ ባልደረባውን በስሙ ናሙና እንዲሰጥለት አግባብቶት ነበር። ነገሩ የወጣው ያ ባልደረባ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ ስለተናገረች ነው። ሳይንሱ ዝግጁ ሆኖ ሲጠብቅ የነበረው የአንድ ሰው አፍ እስኪከፈት ነው።

ታሪካችሁ በቅርብ ዓመታት የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ ሌላ በር አለ። በካሊፎርኒያ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ለተፈጸሙ ተከታታይ ግድያዎችና ጥቃቶች ተጠርጣሪው የተያዘው በሚያዝያ 2018 ነው። መርማሪዎች ከወንጀሉ ስፍራ የተገኘውን ዲኤንኤ ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን በሚፈልጉበት ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፤ የሩቅ ዘመዶች ተገኙ፤ ከዚያ የዘር ግንዱን እየሠሩ ወደ ሰውየው ወረዱ። አስቡት፣ አይቷቸው የማያውቅ ዘመዶቹ ለገዛ ጉጉታቸው የሰጡት ምራቅ ነው ያጋለጠው። ለቤተሰብ ምሥጢር ታሪክ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? አባት የተባለው አባት ሆኖ አለመገኘቱም በዚሁ መንገድ ይወጣል።

አስከሬንም ሌላ ናሙናም ከሌለ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ለዚህ ነው ወንዙን የመረጥኩት። ምርመራውን ያሳተው ደግሞ የእናት ውሸት ነው። "ሰዓቱን አድርጎ ነበር" ስላለች ፖሊስ ዘራፊ ወሰደው ብሎ አሰበ፣ የተሸጠ ሰዓት ሲያሳድድ ከረመ፣ የቤቱን ሰነድ ማንም ዞር ብሎ አላየም። ከቤት የወጣች አንዲት ውሸት መርማሪውን ወዴት እንደወሰደችው በዚህ መልኩ ማሳየት ከቻላችሁ ፖሊሱን ማሞኘት አያስፈልጋችሁም።

ሁለት ነገር ቶሎ ቶሎ ልበል። የአስከሬን መገተር ብዙ ጊዜ ሰው ከሞተ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፣ 12 ሰዓት ያህል ሲያልፍ መላ አካሉን ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ሙቀት ያፈጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሐኪሙን "ልክ ከ20 ደቂቃ በፊት ነው የሞተው" አታሰኙት። የይርጋ ሕግም ከአገር አገር ይለያያል። ታሪኩ የሚካሄድበት አገር ሕግ ከ22 ዓመት በኋላ መክሰስ ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም? መጨረሻውን ይለውጠዋልና ከመጻፋችሁ በፊት አጣሩ።

4. ተራኪዋንና ትዝታዋን አዘጋጁ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ሥነ ልቦናዊ የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ያሳተሙት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አዩ። ከዚያ ለገሚሱ "መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?" ተባለ፣ ለገሚሱ ደግሞ በ"ሲጋጩ" ፋንታ እንደ "ሲደቃቀሱ" ያለ ከበድ ያለ ቃል ገባ። ከባዱን ቃል የሰሙት ከፍ ያለ ፍጥነት ገመቱ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር ወይ ሲባሉ፣ ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ፣ ቀላሉን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ሌላም አለ። የጠፈር መንኮራኩሯ ቻሌንጀር በጥር 1986 በፈነዳች ማግስት ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ዜናውን የት ሆነው፣ ከማን እንደሰሙ አስጻፏቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ያንኑ መልሰው ጠየቋቸው። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው የተለየ ታሪክ ነገሩ፤ ያውም በሙሉ ልብ።

ይህንን ወደ ተራኪያችን፣ ወደ ልጅቷ አምጡት። የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚያ ሌሊት ሁለት ነገር ታስታውሳለች። አንደኛው፣ የውጭው በር ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ ሰምታለች። ሁለተኛው፣ ደንግጣ ስታለቅስ አክስቷ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣ ግንባሯን ዳበሰቻት፣ እጇ ይቀዘቅዝ ነበር። የመጀመሪያው ሐሰት ነው፤ ወንድሟ ደጋግሞ ሲያወራው ሰምታ የራሷ ያደረገችው ነው። ሁለተኛው እውነት ነው። ትርጉሙ ነው የተሳሳተው። 22 ዓመት ሙሉ "በዚያ ሌሊት ያጽናናችኝ አክስቴ ብቻ ነበረች" እያለች የኖረችው ልጅ አንድ ቀን እጇን እየታጠበች ሳለ ቆም ትላለች። በዚያ ሰዓት አክስቴ እጇ ለምን ይቀዘቅዝ ነበር?

ፍንጭን ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አንባቢ የተቆለፈ መሳቢያ ሲያይ ይጠረጥራል፤ በደግ ትዝታ ውስጥ ግን አይፈልግም።

የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ዌይን ቡዝ በ1961 "የማይታመን ተራኪ" ብሎ ስም ያወጣለት እንደዚች ልጅ ላለ ተራኪ ነው። አንድ ድንበር አለው። ተራኪዋ ልትሳሳት ትችላለች፣ ልትረሳ ትችላለች፣ ሳትናገር ልታልፍ ትችላለች። ያየችውን ነገር "አላየሁም" ብላ በሆዷ ለብቻዋ ስታስብ ግን አታሰሟት። ያ አንባቢን ማጭበርበር ነው፣ አንባቢም ይቅር አይልም።

እግረ መንገዴን አንድ ልመና፦ መጨረሻ ላይ "የአእምሮ ሕመምተኛ ስለሆነ ነው" ብላችሁ አትገላገሉ። ሕመም ለወንጀል ማብራሪያ አይሆንም፣ ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ሰዎችንም ይጎዳል። የምታውቁትን የእውነተኛ ቤተሰብ ሐዘንም ስም ቀይራችሁ አታውጡት። ዛሬም የሚያለቅስበት ሰው አለ።

5. የቤት ውስጥ ንግግሩን ጻፉ

ምሥጢር ያለበት ቤት ውስጥ ሰው ጥያቄ በቀጥታ አይመልስም። ወሬ ይቀይራል፣ ሥራ ይይዛል፣ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ልጅቷ ሰዓቱን ይዛ ወደ እናቷ ስትገባ የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ "እማዬ፣ አጎቴን ማን ገደለው?" "አላውቅም ልጄ!" ብላ አለቀሰች። ይህ ሞቷል። እንደገና እንሞክር።

"እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

እናትየዋ ቀና አላለችም። ሸሚዙን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው።

"ክር ፍለጋ አልነበር የሄድሽው?"

"እማዬ።"

"ነጩ ክር እኮ ከላይ ነው ያለው። ከሥር ምን ወሰደሽ?"

ልጅቷ ከየት እንዳገኘችው አልተናገረችም። እናትየዋ ግን ሳታይ አወቀች። እንባ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ሸሚዙ ብቻ ሁለት ጊዜ ታጠፈ። እጅ የሚሠራውን ጻፉ። ሰው አፉን ሲቆጣጠር እጁን ይረሳል።

6. እውነቱን በምን ቅደም ተከተል እንደምታወጡት ወስኑ

ትንንሽ ካርዶች ላይ ጻፏቸውና መሬት ላይ ዘርግታችሁ እያቀያየራችሁ እዩአቸው። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ግኝት ስለ አንድ ሰው የነበረንን ሐሳብ መቀየር አለበት። አዲስ መረጃ ሰጥቶ ማንንም በአዲስ ዓይን ካላሳየን ይውጣ።

በእኛ ታሪክ መጀመሪያ ሰዓቱ ይገኛል። ቀጥሎ ልጅቷ የድሮውን መዝገብ ታነባለች፤ "በግራ እጁ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት አድርጓል" የሚል መስመር ላይ ትደርሳለች፤ ቃሉን የሰጠችው እናቷ ናት። እናት ተጠርጣሪ ሆነች። ከዚያ ወንድም "ሰዓቱን ለእኔ ነው የሰጠኝ" ይላል። ወንድም ተጠርጣሪ ሆነ። ከዚያ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዳቸው ሌላውን ሲጠብቁ እንደኖሩ ይረዳሉ። ይህን ትዕይንት አታሯሩጡት፣ የመጽሐፉ ልብ ነው። አንባቢ በእፎይታ ያልቅስ። እዚያው ላይ፣ እፎይታው ሳይበርድ፣ ያ የቀዘቀዘ እጅ ይምጣ።

ከዚህ በኋላ ምርጫ አለ። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ደጋግሞ ይናገር የነበረ ምሳሌ ነበረው፤ ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳይታወቅ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል፣ ቦምቡን አስቀድሞ ካየው ግን እስኪፈነዳ ድረስ ወንበሩን ጨብጦ ይቀመጣል። እኔ አክስትየዋን ከመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ ለአንባቢ ብቻ እገልጣታለሁ። ልጅቷ ግን የእጁን ትርጉም ገና አልደረሰችበትም፤ "ደከመኝ፣ እናንተ ጋ ልደር" ብላ ወደ አክስቷ ቤት ትሄዳለች። አክስትየዋ አልጋውን ታነጥፍላታለች። አጠገቧ ቁጭ ብላ ግንባሯን ትዳብሳታለች።

መጨረሻ ላይ አክስትየዋ ቆማ ሁሉንም ነገር በሦስት ገጽ ንግግር እንዳታስረዳ ብቻ። አንድ የፈረመችው ወረቀትና "እሱ እኮ ይመጣል ብዬ ነበር" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይበቃታል።

7. አርሙ፣ ከዚያ አስነብቡ

ረቂቁ ሲያልቅ ጥቂት ሳምንት ደብቁት። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው እየተከተላችሁ አንብቡት። ዛሬ እናትን ብቻ፦ ባለችበት ገጽ ሁሉ የምታውቀውንና የምታምነውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ። ነገ ወንድምን። አክስትየዋን መጨረሻ ላይ አድርጓት፤ በእያንዳንዱ ትዕይንት እንደምታውቅ ሰው መንቀሳቀሷን፣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ለአንባቢ ብላ አለመጥቀሷን እዩ። ሰዓትና ዕድሜም ቁጠሩ። ያኔ 15 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ 37 መሆን አለበት፣ 35 ካላችሁት የሚይዛችሁ አንባቢ አይጠፋም።

ከዚያ ለሦስት ሰው ስጡ። "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ። እርሳስ ስጧቸውና ማንን እንደጠረጠሩ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደጠረጠሩ ዳር ላይ ይጻፉ። ሦስቱም አክስትየዋን ከመጽሐፉ ግማሽ በፊት ከያዟት ቀዝቃዛው እጅ ጎልቷል ማለት ነው፤ አንዱን መስመር አንሱና ትዝታውን ሞቅ አድርጉት። አንዳቸውም እስክትገለጥ ድረስ ካልጠረጠሯት ደግሞ ፍንጩ አንሷል።

በመጨረሻም ጨርሰው ሲመልሱላችሁ አንድ ነገር ለምኗቸው፦ ወደ ሸሚዙ ገጽ ተመልሰው ያንን ትዕይንት ብቻ እንደገና ያንብቡት። መጀመሪያ ሲያነቡት እናትየዋ ወንጀል የምትደብቅ ሴት መስላቸው ነበር። አሁን ልጇን እንዳይወስዱባት የፈራች እናት ካልታየቻቸው፣ ወደ ዝምታው መዝገብ ተመለሱና የእሷን ረድፍ እንደገና ሙሉት።